አንድ ሙከራ ይቀራታል

ሰፊው በሕይወቱ በቀጠሮው ቀን ያስረከበው ልብስ የለም። ይህን እሱ ራሱ አይክደውም። የሰፈሩ ሰው «ለሰርግህ ሱፍ ካዘዝከው ለልጅህ ልደት ያደርስልሃል» እያለ ሲቀልድበት ኖሯል። ሆኖም ትቶት ወደ ሌላ ሰፊ የሄደ ብዙ አልነበረም፤ ከእሱ እጅ የወጣ ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ እዚያው የበቀለ ነው የሚመስለው። ሥራው ሁሉ በሙከራ ነው። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ በነጭ ክር ጠቅሞ ያስሞክራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ጠቅሞ ደግሞ ያስሞክራል። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ «ኧረ አሁንስ ልክ ነው፣ ልውሰደው» ሲል፣ እሱ ስፒሎቹን በከንፈሩ እንደያዘ ዙሪያውን ይዞረውና «አንድ ሙከራ ይቀረዋል» ይላል። ለሚነጫነጭ ሰው ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትል ተረት አለችው። ከአንገቱ ከማትወርደው ሜትር ቀጥሎ ዋና መሣሪያው እሷ ናት።

ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ ዓመሉ ነው። ያኔ ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ መጥታ ቀሚስ አዘዘችው። «መቼ ይደርሳል?» ስትለው «ነገ» አላት። በነጋታው መጣች፤ «ነገ» አላት። እንዲህ ሲያመላልሳት ሰነበተና አንድ ቀን ወንበር ስባ የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። «ሳትጨርስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችው። እሱም እየተሽኮረመመ ጨረሰላት። ቀሚሱን ይዛ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ጨርቅም ያለ ምክንያትም ትመጣ ጀመር። እንዴት እንደተጋቡ ሰው ሲጠይቃት «ቀሚሴን ሲያዘገይብኝ ጊዜ ሰፊውን በመያዣ ወሰድኩት» ትል ነበር። ይህን ባለች ቁጥር እሱ እንደ አዲስ ይስቃል።

አሁን ሚስቱ መጦሪያ ቤት ናት። መጀመሪያ የጎረቤቶቿን ስም ረሳች፤ እሱስ ማንም ይረሳል። ቀጥሎ ምድጃ ለኩሳ መተው መጣ። በመጨረሻ የቤት ጫማ እንዳደረገች አውቶቡስ ማቆሚያ ቆማ አገኟት፤ ማንን ነው የምትጠብቂው ሲሏት እናቴን አለች። እናቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። ሰፊውና አስተማሪ ሴት ልጁ ተያይተው ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ሻንጣዋን አዘጋጁ። ቤት የቀረችው እሜቴ ብቻ ሆነች።

እሜቴ ድመት ናት። ግራጫ ሆና ደረቷ ነጭ ነው። ሚስቱ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ ዓይኗ እንኳ በወጉ ሳይገለጥ አንስታ ያሳደገቻት ናት። ስሙንም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ድመቷ ከገንዳ ሥር ተለቅማ መምጣቷን ረስታ፣ ወተት ሲቀርብላት ቀና ብላ አይታ፣ አስባበት፣ ውለታ እንደምትውል ሰው ነው የምትጠጣው። ሰፊውን ከጉዳይ አትቆጥረውም ነበር። ማታ ማታ ሚስቱ ጭን ላይ ተጠቅልላ ስታንኮራፋ እሱ ሶፋው ላይ ቦታ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

መጦሪያ ከገባች በኋላ ሚስቱ የልጇን ስም ከእህቷ ስም ጋር ትቀላቅላለች፤ ምሳ በልታ ምሳ አልሰጡኝም ትላለች። እሜቴን ግን አልረሳችም። ሰፊው ብቅ ባለ ቁጥር ሰላምታውን ሳትመልስ «እሜቴ በላች?» ትለዋለች።

«በላች።»

«ምን በላች?»

«ጉበት።»

«አንተስ በላህ?»

እሱ ትዝ የሚላት በእሜቴ በኩል ነው። የድመቷ ነገር ሲነሳ አብሮ እሱ ይነሳል፣ ቤቱ ይነሳል፣ ድመቷ የምትተኛበት መስኮት ይነሳል፣ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ሳይቀር ይነሳል። ድመቷ ካልተነሳች ደግሞ ሚስቱ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው እጆቿን አጣምራ ዝም ትላለች። ሰፊው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ገባው፦ እሜቴ ከሚስቱ ልብ ከወጣች እሱም ተከትሏት መውጣቱ ነው። ስለዚህ እሜቴን ሊወስድላት ቆረጠ።

የመጀመሪያው ጉዞ ጉድ ነበር። ድመቷን አንቆ ዚፕ ባለው የገበያ ቦርሳ ከተታትና ጎረቤቱ የሆነው ባለታክሲ መኪና ውስጥ ገባ። ዋና መንገድ ሳይደርሱ ጩኸቷ መንገደኛ አስቆመ። መጦሪያው ሊደርሱ ሲሉ ዚፑን በጥርሷ ፈልቅቃ ወጣችና የባለታክሲው አንገት ላይ ሰፈረች፤ ወንበሩንም አረጠበችው። እንደምንም ይዘዋት ሚስቱ ክፍል ቢገቡ፣ ሚስቱ «እሜቴ!» ብላ እጇን ስትዘረጋ ድመቷ ያን እጅ ከአንጓው እስከ ጣቱ ቧጨረችው። ሚስቱ ለደሟ ደንታም አልነበራት። «ማን መታት? ምን አድርጋችኋት ነው እንዲህ የፈራችኝ?» እያለች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። የመጦሪያው ኃላፊ ሽበታም ሴት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። «ተረጋግታ ከመጣች በሬ ክፍት ነው» አለችው። «እንዲህ ሆና ግን ሁለተኛ አላስገባትም፤ እዚህ ያሉት ሁሉ ልባቸው ደካማ ነው።»

ሰፊው እሜቴን ይዞ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ወጣት ናት፤ ነገሯን ግን ረጋ ብላ ነው የምትናገረው።

«ድመትን አስገድደው መንገድ አያስለምዷትም አባባ» አለችው። «ድመቶች ቦርሳ ሲያዩ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ያውቃሉ። መጀመሪያ ጠንካራ ሳጥን ይፈልጉላት፤ ከዚያ ሳጥኑ የቤት ዕቃ ይሁን። በሩን ከፍተው አንድ ጥግ ያስቀምጡትና ገባች አልገባች አይበሏት። ምግቧን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀስ ብለው ደጃፉ ላይ፣ ከዚያ ውስጡ ያድርጉላት። የምትወደው ሰው ጠረን ያለበት፣ ያልታጠበ ጨርቅ ያንጥፉላት። ስትለምደው በሩን ለአፍታ ዘግተው ይክፈቱት። ከዚያ ማንሳት፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያ መኪና። በመንገዱ ቀን ብዙ አያብሏት፤ ሳጥኑንም በጨርቅ ይሸፍኑት፤ የማታየው ነገር አያስፈራትም። ከሁሉ በላይ እርስዎ አይጨነቁ። ጭንቀትዎ በእጅዎ በኩል ይደርሳታል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ድመቷ ነው። አንዷ ቶሎ ትለምዳለች፣ አንዷ ትቆያለች። ስትበቃ ግን ይወቁላት።»

ሰፊው ይህን ሁሉ ሲሰማ ደስ አለው። ለካ የድመት መንገድም በሙከራ ኖሯል! ከመጨረሻዋ ቃል በቀር ሁሉንም በልቡ ያዘ።

መያዣ ያለው፣ በሩ ፍርግርግ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ገዛና ከቤቱ ጋር በተያያዘው ሱቁ ውስጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠው። እሜቴ መጀመሪያ ዞር ብላም አላየችው። ሱቁን ስታቋርጥ እንኳ በዚያ በኩል አትሄድም፤ በደንበኞች እግር መሀል ተሽሎክልካ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። እሱ ጉበት ከትፎ ከሳጥኑ ክንድ ያህል አርቆ አኖረላት፤ በላች። ትንሽ አስጠጋው፤ አሁንም በላች። ደጃፉ ላይ ሲያደርገው አንገቷን ሰግጋ፣ የኋላ እግሮቿን ለሩጫ አዘጋጅታ በላች።

ጠረን ያለበት ጨርቅ የተባለው ነገር ሲደርስ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ያ ሰማያዊ ቀሚስ እዚያ ተሰቅሏል። ሚስቱ ገላዋ በሰፋ ቁጥር እሱ ጎኑን እየለቀቀ፣ እጅጌው ሲያልቅ እያሳጠረ፣ የክት የነበረው የቤት ልብስ ሆኖ እስከ መጨረሻው ቀን ለብሳዋለች። አልታጠበም። ሌላ ሰው ቢሆን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ይወረውረው ነበር፤ ነገሩም ያልቅ ነበር። ሰፊው ግን ልኩ ያልሆነ ነገር የትም አያስገባም። የሳጥኑን ወለል ለካ፣ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ በጠመኔ አሰመረና ቆረጠው። በውስጡ ስፖንጅ አድርጎ፣ ጠርዙን ዘምዝሞ፣ አራቱ ማዕዘን ከሳጥኑ ጋር ግጥም የሚል ፍራሽ ሠራ። በቀረው ጨርቅ ገበር አለበሰው። መቀሱ ወገቡ ጋ ሲደርስ አንዴ ቆም አለ፤ ከዚያ መስመሩን ተከትሎ ቆረጠ።

ያን ቀን እሜቴ ገባች። ፍራሹን አሸተተች፣ በእግሮቿ ረገጥ ረገጥ አደረገችው፣ ተጠቅልላ ተኛች። ሰፊው የስፌት መኪናውን ማስጮኽ ፈርቶ እስክትነቃ ድረስ በእጁ ሲጠቅም ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየሰመረ ሄደ። በሩን ዘግቶ ወዲያው ከፈተ። ዘግቶ ትንሽ ቆየ። አነሳት፣ አስቀመጣት። ሱቁን ዞረ፣ ደረጃውን ወጣ ወረደ፤ ባዩት ቁጥር ደንበኞቹ «የኔን ሱሪ እንዲህ ብትሸከምልኝ ምን አለ!» ይሉታል። ቀጥሎ ሞተሩ በጠፋ ታክሲ ውስጥ ተቀመጡ። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሳ። ባለታክሲው አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ጋሼ» ይላል። «እኔ ዛሬም አላምናትም።»

«አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ መኪናውን ወርጄ መግፋቴ ነው!»

እስከ ማዞሪያው ሄዱና ተመለሱ። እስከ ገበያው ሄዱና ተመለሱ። ሐኪሟ አንድ ቀን በሱቁ ደጅ ስታልፍ ገብታ አየቻት፤ እሜቴ በሩ ተዘግቶ እያለ ሆዷን ገልብጣ ተኝታለች። «ይቺማ ጨርሳለች፤ ምን ይጠብቃሉ? ይውሰዷት» አለችው። ሰፊው ግን ራሱን ነቀነቀ። የገበያው መንገድ ላይ አንድ ጉብታ አለ፤ መኪናው ጉብታውን ሲወጣ እሜቴ ባለፈው አንዴ ጮኻለች።

«አንድ ሙከራ ይቀራታል» አለ።

በዚያው ሳምንት ልጁ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ሱቁ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አባዬ፣ እማዬ ትናንትም እጄን ይዛ ለመነችኝ። እሜቴን አምጡልኝ አለች። ለምን አትወስዳትም?»

«ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እማዬ የምትቆይ መሰለህ?»

ሰፊው ተቆጣ። የተቆጣውም ልጁ እውነቷን ስለሆነ ነው። «ያን ቀን የሆነውን ረሳሽው?» አላት። «እጇ ሲደማ፣ ፈራችኝ ብላ ስታለቅስ? ደግሞ ብታስደነግጣትስ? ደግሞ ብትቧጭራትና እሜቴን እንዳላይ ብትል እኔ ምን ይቀረኛል?» ልጁ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብላ ጣቷን በፍርግርጉ አሾለከች፤ እሜቴም ላሰችላት።

እሑድ ሚስቱን ሊጠይቅ ሄደ። ያን ዕለት ደህና ነበረች፤ ፀጉሯን ሠርተውላታል፣ ዓይኗም ጥርት ብሏል። እጅጌውን ያዘችው።

«እሜቴን አምጣልኝ።»

«በሚቀጥለው እሑድ አመጣልሻለሁ።»

«ነገ በለኝ እንጂ» አለችውና ሳቀች። «አንተ ነገ ማለት ነው የምትችለው።»

እሱም ሳቀ። እየሳቀ ወጣ፤ ታክሲ ውስጥም እየሳቀ ሄደ። በነጋታው እሜቴን ሊወስድላት ይችል ነበር። ሳጥኑም ድመቷም ባለታክሲውም ነበሩ። እሱ ግን ስለ ጉብታው ነበር የሚያስበው።

ሳምንቱን በጉብታው ላይ ሲመላለሱ ከረሙ። ሐሙስ እሜቴ ዝም አለች፤ ቅዳሜ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማች። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ብቻውን ሄደ። ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ገብቶ ሰላም አላት፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት። እሱም «እሜቴ በላች?» እስክትለው ጠበቀ። ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቀ። በክፍሉ አብራት የምትኖረው አሮጊት ብርቱካን ልጣ ሰጠቻቸው፤ ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል አላስችል አለውና ራሱ ጀመረ።

«እሜቴ በልታለች» አለ።

«ደስ ይላል» አለችው ሚስቱ። «ልጅዎ ናት?»

እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣ አያውቀውም። «ልጅዎ» ነው ያለችው። ባለታክሲው በር ከፍቶለት «እንዴት ናቸው እትዬ?» ሲለው «ነገ እንሄዳለን» አለ ሰፊው፤ «ነገ ጠዋት፣ እሜቴን ይዘን።» ባለታክሲው በመስታወቱ አየውና ሞተሩን አስነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው፤ ውሻው ግን መዘግየቱን ራሱም ያውቀው ነበር።

በነጋታው እንደተባለው አደረገ። እሜቴ ብዙ አልበላችም። ሳጥኑ በጨርቅ ተሸፈነ። ሰፊው ጭንቀቱ እንዳይደርሳት ትንፋሹን እየዋጠ ጭኑ ላይ ያዛት። ጉብታውን ሲወጡ ሁለቱም ጆሯቸውን አቆሙ፤ ከሳጥኑ የተሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነበር። የመጦሪያው ኃላፊ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና «ይቺ ያቺ ናት?» ብላ ተገረመች። ልጁም ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

ሳጥኑን ሚስቱ አልጋ ላይ አስቀመጠና በሩን ከፈተ።

እሜቴ አልወጣችም። ክፍሉን አየች፣ አብራ የምትኖረውን አሮጊት አየች፣ ከዚያ እጆቿን ከደረቷ ሥር ሰብስባ ተደላደለች። ሰፊው በስሟ ጠራት። ጉበት ይዞ ስለመጣ ደጃፉ ላይ አኖረላት፤ አሸተተችው፣ ተወችው። ስንት ጊዜ ሙሉ ከዓለም ሁሉ የሚሻለው ቦታ ይህ ሳጥን ነው ብሎ ያስተማራት እሱ ነው፤ ትምህርቱም ገብቷታል። ሚስቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ፈገግ አለች።

«የእርስዎ ድመት ናት?»

«ያንቺ ናት» አለ ሰፊው። «እሜቴ ናት። ከገንዳ ሥር ያነሳሻት።»

«እኔ ድመት የለኝም» አለች በትሕትና። «ታምራለች ግን።»

ልጁ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሰፊው የሚያደርገው ጠፋው። ቢቸግረው ድመቷን ከነፍራሹ ስቦ ሊያወጣት የፍራሹን ጠርዝ ያዘና ጎተተ። ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ከሳጥኑ ብቅ አለ።

ሚስቱ ከወንበሯ ተነሳች።

«ይሄ ጨርቅ የኔ ነው» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ የወጣት ሴት ድምፅ፣ ቁጣ ያለበት። «አንተ ሰፊ! ይሄ እኮ የኔ ጨርቅ ነው! ቀሚስ ስፋልኝ ብዬ ሰጥቼህ ለድመት አነጠፍከው?»

«አንተ» ብላዋለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ሌላ እሰፋልሻለሁ። የተሻለ አድርጌ እሰፋልሻለሁ።»

«በምን ልክ? ለክተኸኛል?»

«ልለካሽ።»

ሚስቱ ቀጥ ብላ ቆመችና እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። ትናንት እጇን ሲይዛት እንደ ባዕድ ሸሸት ብላበት ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ቆመችለት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ደረቷን ለመለካት ክንዱን ዙሪያዋ ሲያሳልፍ ፊቱ ፀጉሯ አጠገብ ደረሰ፤ የመጦሪያው ሳሙና ይሸታል። ሜትሩ በጣም ብዙ ተረፈ። እንዲህ ማለቋን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቀም ነበር። ሜትሩን እንደያዘ፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው ትንሽ አስበልጦ ቆየ፤ የሚያቅፋት በዚህ ሰበብ ብቻ እንደሆነ ገብቶታል።

«ወገቡን አታጥብበው» አለችው ልክ እንደዚያን ጊዜው። «መተንፈስ አለብኝ።»

«አላጠብበውም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ነገ።»

«ነገ ነገ ትላላችሁ ሰፊዎች ሁሉ። ካልደረሰ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ንቅንቅ አልልም።»

«ግዴለም፣ ተቀመጪ» አለ ሰፊው።

ከዚያ በቀጥታ ገበያ ሄደ። ነጠብጣቡ ትንሽ ደቀቅ ያለ፣ ሰማያዊነቱ ግን የሚቀርብ ጨርቅ አገኘ። ሱቁ ገብቶ የእሜቴን ሳጥን ከፍቶ ለቀቃት፣ ጨርቁን ዘረጋ፣ አሰመረ፣ ቆረጠ። አልጠቀመም፤ በነጭ ክር አላስያዘም፤ በቀጥታ የስፌት መኪናው ውስጥ ከተተው። ሱሪውን ሊጠይቅ የመጣ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየና ምን እንዳጋጠመው ሳይጠይቅ ተመልሶ ሄደ። ጀንበር ሳትጠልቅ ቀሚሱ አለቀ፤ ተተኩሶም ተሰቀለ። ሰፊው ዙሪያውን ዞረው። አንገቱ ጋ አንድ ነገር ቅር አለው፤ እጁ ወደ ስፒሉ ሄደና ተመለሰ።

በነጋታው ጠዋት ካፖርቱን ሲለብስ እሜቴ ከመስኮቱ ወርዳ ሳጥኗ ውስጥ ገባች። «ዛሬ ብቻዬን ነኝ» አላትና ቀሚሱን በክንዱ ላይ አጋድሞ ወጣ። ባለታክሲው ቀሚሱን አይቶ «ጋሼ፣ በቀኑ?» አለ። ሰፊው ልክ እንደ ወጣት እያፈረ «በቀኑ» አለ። መንገዱን በሙሉ የምትለውን ሲያስብ ሄደ። ትሳደባለች፤ ወገቡ ጠበበ ትላለች፤ ትስቃለች። ምናልባት ወንበር ስባ እየጠበቀችው ይሆናል።

ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አኖረላት። በጣቶቿ ጠርዙን ዳሰሰች፣ ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ የሰፊ ሚስት ሆና የኖረች ስለሆነች የት እንደሚታይ እጇ አልረሳም።

«ሥራው ያምራል» አለች።

«ያንቺ ነው። ትናንት ያዘዝሽው ነው። ነገ ይደርሳል ብዬሽ ነበር፤ ይኸው።»

ሚስቱ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። አዘነችለት መሰለ። ቀሚሱን ቀስ ብላ በወጉ አጣጠፈችና መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ተሳስተዋል ወንድሜ» አለችው። «እኔ ልብስ አላዘዝኩም። ለባለቤቷ ቶሎ ያድርሱላት። ስትጠብቅዎት ይሆናል።»

ሰፊው ቀሚሱን ታቅፎ ቤቱ ተመለሰ። የባለቤታቸው ስም ከተጻፈባቸው፣ ገና ሙከራ ከሚጠብቁት ኮቶችና ሱሪዎች መሀል ሰቀለው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ካፖርቱን ማየት ለእሜቴ በቂ ነበር፤ ከመስኮቱ ወረደች፣ ሱቁን በቀጥታ አቋርጣ መጣች፣ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ሰማያዊው ፍራሽ ላይ እጆቿን ሰበሰበች። ከዚያ ምንም ሳትፈራ፣ ምንም ድምፅ ሳታሰማ፣ በሩን ዘግቶላት እስኪነሱ ድረስ ትጠብቀው ጀመር።